የማሪቱ ሦስተኛ እግር

«ይሄ እግር የእኔ አይደለም!» አለች ማሪቱ፣ ከሶፋው ጫፍ ብድግ ብላ ጣቷን ወደ ስክሪኑ እየቀሰረች።

«የእኔ ነው ታዲያ?» አሉ አሰልጣኝ ተድላ።

«የማንም ይሁን! እናቴ የወለደችኝ በሁለት እግር ነው። ይቁጠሩት እስቲ ኮች፤ እዚህ ላይ ሦስት ነው ያለው።»

አሰልጣኝ ተድላ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። እውነትም ሦስት ነበር። ቀይ ቱታ የለበሰችው ማሪቱ ሱሉልታ ሜዳ ላይ አንድ እግሯን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ሌላውን ወደ ኋላ አጥፋ ቀጥ ብላለች፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ከጉልበት በታች እንደ ጭስ የሳሳ፣ ባለቤት የሌለው ተጨማሪ እግር ተንጠልጥሏል።

የቡድን ጓደኛዋ ቢታንያ ትራስ አፏ ላይ ይዛ ስትስቅ ቆይታ ነበርና አላስቻላትም። «ኮች፣ በሦስት እግር ከሆነማ ማን ይደርስባታል? ይልቀቋት ትሩጥ!»

«አንቺ ዝም በይ!» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ። ከጠቡ መጀመሪያ አንስቶ የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነበር።

ጠቡ የተጀመረው ጫማ ሳይወልቅ ነው። ልጆቹ ጠዋት የተቀረጸውን ልምምድ ሊያዩ ከሰዓት ወደ አሰልጣኙ ቤት ሲመጡ፣ ቪዲዮውን ቀድመው ያዩት አሰልጣኝ ተድላ ገና በር ላይ፣ «ማሪቱ፣ ግራ እግርሽን ትጎትቻለሽ። ቅዳሜ በአንቺ ቦታ ቢታንያን አስገባለሁ» አሏት። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ለሰው በር ላይ አይነገርም።

ቅዳሜ የክለቦች የአገር አቋራጭ ዱላ ቅብብል ነው። አራት ሴቶች ይሮጣሉ፤ ሦስተኛዋ ማሪቱ ነበረች። ዓመቱን ሙሉ ተጠባባቂ ሆና የሌሎችን ቱታ ስትይዝ፣ ውሃ ስታቀብል፣ በሌሎች ፎቶ ጥግ ላይ በግማሽ ፊቷ ስትገባ ከርማ፣ ባለፈው ሳምንት ስሟ ሲጠራ ለእናቷ ደወለች። እናቷ ለጎረቤት ተናገሩ፤ ጎረቤት ደግሞ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። ከእንግዲህ «ቀረሁ» ብሎ መደወል ዳገት ከመሮጥ ይከብዳል።

አሰልጣኝ ተድላ በወጣትነታቸው ሯጭ ነበሩ። ድሮ የሚያምኑት ዓይናቸውን ነበር፤ ከመስከረም ወዲህ ግን የሚያምኑት ሳሎናቸው ጥግ የተቀመጠውን ኮምፒውተር ነው። ጠዋት የክለቡ ፒክአፕ ኋላ ላይ ተቀምጠው ልጆቹን በስልካቸው ይቀርጻሉ፤ እቤት ገብተው ፍጥነቱን ዝግ አድርገው ያዩታል። ችግሩ፣ የስልክ ቪዲዮ ዝግ ሲደረግ ይቆራረጣል። ሯጩ ወንዝ በድንጋይ በድንጋይ እየዘለለ የሚሻገር ይመስላል። የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ቢንያም ለዚህ መላ አገኘላቸው። አንድ ሶፍትዌር ጫነላቸው፤ ሶፍትዌሩ ሁለት ተከታታይ ምስሎችን ይወስድና በመካከላቸው ሊኖር ይችል የነበረውን ምስል ቪዲዮው እየታየ እያለ ሠርቶ ይሰካበታል። ከዚያ በኋላ ሩጫው እንደ ዘይት ይፈሳል። ተረከዝ መሬት ሲነካ፣ አውራ ጣት መሬት ሲለቅ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«መካከሉን ከየት ያመጣዋል?» ብላ ነበር ማሪቱ ያኔ።

«ይገምታል» አላት ቢንያም።

ይህችን ቃል ማሪቱ አስቀምጣት ኖሮ ዛሬ አወጣቻት። «ቢኒ ራሱ ይገምታል ነው ያለው! በግምት ነው ከቡድን የሚያስወጡኝ?»

«እስከ ዛሬ ሲገምት አልተሳሳተም።»

«እስከ ዛሬ ሦስት እግርም አላወጣም!»

ማሪቱ ይህን ስትል አልዋሸችም። ሦስተኛው እግር የእሷ አልነበረም። ነገር ግን ከማክሰኞ ጀምሮ ግራ ተረከዟን ውስጥ ውስጡን የሚወጋት ነገር አለ፤ ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ግድግዳ ይዛ ነው የምትነሳው። ለማንም አልተናገረችም። እስከ ቅዳሜ ይተዋኝ ይሆናል ብላ ተስፋ አድርጋለች። ጥፋት ላለበት ሰው በሌላ ጥፋት በሐሰት እንደመከሰስ ያለ ዕድል የለም፤ እንደ ንጹሕ ሰው ሙሉ ድምፅ አውጥቶ መጮህ ይችላል። ማሪቱም ጮኸች።

ጩኸቱን ሰምተው የአሰልጣኙ ባለቤት እትዬ የሺወርቅ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ተድላ፣ የሰው ልጅ ጠርተህ ታስለቅሳለህ?»

«ማን አለቀሰ? የምጮኸው እኔ ነኝ፣ የምትጮኸው እሷ ናት!»

እትዬ የሺወርቅ እጃቸው ሥራ አይፈታም። ቤታቸው ውስጥ በገዛ እጃቸው የተሠራ ዳንቴል ያልለበሰ ነገር የለም። ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁ፣ የሶፋው ክንዶች፣ የቴርሞሱ አናት ሁሉ ለብሰዋል። የኮምፒውተሩ ትልቅ ሳጥን ደግሞ ከሁሉ ያማረው አለው፤ መሃሉ ላይ ጭራዋን የዘረጋች ወፍ ያለችበት፣ በአራቱም ጎን እስከ ጉልበቱ የሚወርድ። ቢታንያ «በዚህ ቤት ዳንቴል ያልለበሱት ኮች ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም እንቅልፍ ሲወስዳቸው ይጠንቀቁ» ትል ነበር።

«እንዲህ እናድርግ» አሉ አሰልጣኝ ተድላ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው እየደከመ። «ነገ ቢኒ መጥቶ ማሽኑን ይይልኝ። ከተስተካከለ ሁላችንም ቁጭ ብለን እናያለን፤ እግርሽ ደህና ከሆነ ትሮጫለሽ። አልስተካከል ካለም በታመመ ማሽን ሰው አልቀጣም፤ ትሮጫለሽ። ከዚህ የተሻለ ፍርድ ከየት ታመጫለሽ?»

ማሪቱ ፍርዱን ወደደችው። ማታ ስትጸልይ ለእናቷ፣ ለተረከዟ፣ ቀጥላም ለማሽኑ ጸለየች፤ ለማሽኑ የለመነችው ግን ጤና አልነበረም።

በማግስቱ ቢንያም ከቡራዩ መጣ። ኑሮው የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነው፤ ሙሽራው ኬክ ሲጎርስ ቀስ አድርጎ የማሳየት ጥበብ አለው። ገና ከበር፣ «አካም ጅርቱ!» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶ ገባና እህቱን ሦስት ጊዜ ስሞ ወንበር ላይ ተዘረጋ። «ቡራዩና ሱሉልታ እኮ በአንድ ተራራ ጀርባና ጎን የተኙ ጎረቤቶች ናቸው። ለመገናኘት ግን አዲስ አበባን ማስፈቀድ አለባቸው። ሦስት ታክሲ!»

«ተነስ አሁን፣ በኋላ ትደክማለህ» አሉት አሰልጣኝ ተድላ።

ቢንያም ተነሳ። ዳንቴሉን በሁለት ጣቱ ብድግ አድርጎ ሶፋው ክንድ ላይ ጣለው፤ ሰው ኮፍያውን እንደሚያወልቅ ሳያስበው ነው ያደረገው። ሳጥኑን ወደ ብርሃን አዙሮ ከኋላው ገመዶቹን በጣቱ ቆጠራቸውና ሳቁን ለቀቀው።

«ጋሼ! ምስሉን የሚሠራውን ግራፊክስ ካርድ ያህል ነገር ገዝተው ስክሪኑን የሰኩት ሌላ ቀዳዳ ላይ ነው። ይሄ ማለት በሬ ገዝቶ በአህያ ማረስ ነው። ማን ነቅሎት ነበር?»

እትዬ የሺወርቅ ጣሪያውን አዩ። «አቧራ ስጠርግ ምናልባት...»

ገመዱ ተዛወረ። ቪዲዮው ተከፈተ፤ እንደ ዘይት ፈሰሰ። ቢንያም እጁን አራግፎ «አለቀ» አለ። ሁሉም ወንበራቸውን ይዘው ተደረደሩ። እትዬ የሺወርቅም ሰው ሲቀመጥ ቤት ራቁቱን መታየት የለበትምና ዳንቴሉን ከሶፋው ክንድ አንስተው፣ አራግፈው፣ ወፏ ወደ ሰው እንድትዞር አስተካክለው በሳጥኑ ላይ አለበሱት። ከዚያ ቆሎ አመጡ።

ማሪቱ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ስክሪኑ ላይ የሰው ልጅ ስትሮጥ ታየች። መጀመሪያ ማን እንደሆነች ለማወቅ ቸገራት፤ ቱታው ቀይ ባይሆን ኖሮ ሌላ ሰው ናት ትል ነበር። ትናንት ያየችው የተቆራረጠውን ብቻ ነው፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ስትሮጥ ራሷን አይታ አታውቅም። ትከሻዋ ሳይነቃነቅ፣ ክንዷ ሳይጨነቅ፣ ጉልበቷ በሣሩ ላይ አየሩን እየገፋ ይሄዳል። «ይቺ እኔ ነኝ?» ልትል አፏን ስትከፍት ምስሉ ተንገጫገጨ፣ ቆመ፣ ዘለለ፤ ያ የጭስ እግርም ከመካከል ብቅ አለ።

«መጣ!» አለች ቢታንያ እንደ እንግዳ ተቀባይ።

ቢንያም ተመለሰ። ዳንቴሉን አነሳ። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ኮምፒውተሩ ኃይል እንዲቆጥብ ተደርጎ አገኘው፤ አስተካከለ። ከቪዲዮው ጀርባ ሳይዘጉ የተረሱ ተከታታይ ድራማዎች አገኘ፤ «ባሏን የከዳችው የትኛዋ ናት?» እያለ እህቱን እያበሸቀ አንድ በአንድ ዘጋቸው። ቪዲዮው ፈሰሰ። ተቀመጡ። እትዬ የሺወርቅ ሳጥኑን ወፏን አለበሱት። ቪዲዮው ተንገጫገጨ።

ለሦስተኛ ጊዜ ተነሳ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ገለጠ። አሁን ሶፍትዌሩ ምስሉን ግማሽ አሳንሶ እንዲሠራ አዘዘው፤ ትንሽ ምስል ለመገመት ትንሽ ጉልበት ይበቃል። ወፏም ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ይህኛው ከቀደሙት ረዘም ላለ ጊዜ ሄደ፤ አሰልጣኝ ተድላ እጃቸውን ማፋተግ ሁሉ ጀምረው ነበር። ከዚያ እግሩ መጣ።

«እኔ ስነካው ደህና ነው፣ ስቀመጥ ይኮርፋል» አለ ቢንያም ፀጉሩን እየቆፈረ። «ነገሩ ሙቀት ነው። ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ይለግማል፤ ሲለግም ምስሉን በሰዓቱ አያደርስም፤ ሲቸኩል ደግሞ ያገኘውን ይለጥፋል። እግር ሲተላለፍ ከባድ ነው፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋዋል። ግን ለምን እንደሚሞቅ ነው ያልገባኝ። ፋኑ ይዞራል። ሱሉልታ ደግሞ በረዶ ቤት ነው።»

«ዓይን ነው» አሉ እትዬ የሺወርቅ። «አታይም? ሰው ተሰብስቦ ሲያየው ነው የሚብስበት።»

«የሺዬ፣ ኮምፒውተርን ማን በዓይን ይበላል?» አለ ቢንያም።

«ቢታንያ» አለች ማሪቱ።

ሳቁ ሳያልቅ አሰልጣኝ ተድላ ጉልበታቸውን መታ መታ አድርገው ተነሱ። «በቃ! እኔ ቃሌን አላጥፍም። ማሽኑ ታሟል። ማሪቱ ቅዳሜ ትሮጣለች።»

ቢታንያ ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገችና እፍኝ ቆሎ ወሰደች። ወንድምና እህት ስለ ምሳ መጨቃጨቅ ጀመሩ። ማሪቱ አሸነፈች፤ ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አለቀ። ደስታው እስኪመጣ ትንሽ ጠበቀችው።

ፊት ለፊት ያለው ወንበሯ ለሳጥኑ ቅርብ ስለነበር ክንዷን አሳርፋ የዳንቴሉን ጠርዝ ነካች። ትኩስ ነው። እጇን ወደ ሥር ሰደደች፤ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ሥር እንደመግባት ነበር። ጣቷ የሚንሸራተት ነገር አገኘ። እትዬ የሺወርቅ የሱሉልታ አቧራ በዳንቴሉ ቀዳዳ እንዳይገባ ከሥሩ ላስቲክ ሰፍተውበታል፤ በደንብ፣ በትንንሽ ስፌት፣ ዙሪያውን። ከሳጥኑ አናትና ከኋላው የሚወጣው ትንፋሽ መሄጃ የለውም።

ማሪቱ እጇን አወጣች። ወደ ሰዎቹ አየች፤ ማንም አያያትም። ዝም ካለች ትሮጣለች። ዝም ማለት ደግሞ ለሰው ልጅ ከተሰጡት ሥራዎች ሁሉ ቀላሉ ነው። ነገር ግን ያቺ ቀይ ቱታ የለበሰች ልጅ እስክትቆራረጥ ድረስ የሮጠችው ሩጫ ከዓይኗ አልጠፋ አለ። አንዴ ብቻ፣ መጀመሪያውን ብቻ ላየው፤ ወደ መጨረሻው ሳይደርስ አጠፋዋለሁ፤ እነሱ እንደሆኑ ስለ ምሳ ይጨቃጨቃሉ ብላ አሰበች።

ዳንቴሉን አነሳችው። ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ትንሽ ጠበቀች፤ ሳጥኑ እፎይ ሲል የሰማች መሰላት። ከዚያ ማውሱን ይዛ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው ለቀቀችው።

ልጅቷ ሮጠች። ከፒክአፑ ኋላ ሣሩ ረጥቧል፣ ሰማዩ ግራጫ ነው፣ ከእንጦጦ በኩል የሚመጣው ነፋስ የቱታውን እጅጌ ይነፋዋል። እግሯ ሲያርፍ ድምፅ የለውም። አንዱ እግር በሌላው ጎን ሲያልፍ ጭስ የለም፣ ሦስተኛ የለም፤ ሁለት እግር ብቻ፣ አንዱ ሲሰጥ ሌላው ሲቀበል። ማሪቱ ጣቷ ማውሱ ላይ እንዳለ ረሳችው። ዙሩ አለቀ፣ ሁለተኛው ተጀመረ። መቼ እንደሆነ አላወቀችም እንጂ ስለ ምሳ የሚወራው ቆሟል፤ ሁሉም ከኋላዋ ቆመዋል።

«አቤት አሯሯጥ!» አሉ እትዬ የሺወርቅ በሹክሹክታ።

የመጨረሻው ዙር ላይ፣ ዳገቷ ጋ፣ ግራ እግሯ ወደ ውጭ ዞር አለ። ትንሽ ነው። ተረከዙ መሬቱን ፈርቶ በጎኑ ያርፋል፤ ቀኙ ለሁለት ይሠራል። ከዚያ እንደገና። ከዚያ እንደገና። ዝግ ብሎ፣ ጥርት ብሎ፣ ሕፃን እንኳ ሊያየው በሚችል መንገድ።

ቪዲዮው አለቀ። አሰልጣኝ ተድላ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከማክሰኞ።»

«ማሽኑ ነው ስትይኝ?»

«ማሽኑም ነበር» አለች ማሪቱ።

አሰልጣኙ ሊቆጡ አየር ሳቡ፤ የሳቡት አየር ግን ሳይቆጡበት ወጣ። «ሐኪም ጋ ትሄጃለሽ። በዚህ ተረከዝ ቅዳሜ ብትሮጪ ዓመቱን ሙሉ ነው የምትቀመጪው። ቢታንያ ትገባለች።» ቀጥለው፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ፣ «እንዲህ እንደምትሮጪ ግን አላውቅም ነበር» አሉ።

ቢታንያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣች። ቆሎውን ወደ ሳህኑ መለሰች።

«ቆይ፣ ቆይ!» ቢንያም ነበር። «ቆይ፣ እንዴት ሠራ? ምን አድርገሽው ነው?»

ማሪቱ ጉልበቷ ላይ ያለውን ዳንቴል ከፍ አድርጋ አሳየችው። ቢንያም ተቀበላት፣ ገለበጠው፣ ላስቲኩን አየ፣ ስፌቱን አየ፣ እህቱን አየ።

«የሺዬ!»

«ምን አደረግሁ?»

«ላስቲክ! ላስቲክ ሰፍተሽበት! እኔ ከቡራዩ በሦስት ታክሲ፣ በሴቲንጉ፣ በገመዱ...! ሰውን በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ ሩጥ ትይዋለሽ?»

«አቧራስ? አቧራው ሲገባበት ማን ሊጠርገው ነው፣ አንተ?»

«አቧራ ይሻላል!»

«በእኔ ቤት አቧራ አይሻልም!»

«ሦስት ጊዜ በገዛ እጄ አንስቼዋለሁ እኮ» አለ ቢንያም ወደ አሰልጣኙ ዞሮ፣ በራሱ እየተገረመ። «ሦስት ጊዜ! አላየሁትም እኮ ጋሼ። እናታችንም ቤት ሁሉም ነገር ለብሶ ነው ያደግነው።»

«አንተ ምን አለህ፣ እኔ አብሬው እኖራለሁ» አሉ አሰልጣኝ ተድላ፤ ትከሻቸው በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። «ወፏን ብቻ አይደል ስናይ የከረምነው! በል ና፣ እንደገና ሳይሞቅ የቢታንያን ልቀቀው፤ ቅዳሜ የምትሮጠው እሷ ናት።»

የቢታንያ ሩጫ ተለቀቀ። ቢታንያ ክንዷን ወደ ጎን ዘርግታ፣ ውሃ ውስጥ እንደገባች ዶሮ እየተርገበገበች ትሮጣለች፤ ዝግ ብሎ ሲታይ ደግሞ ለመብረር የወሰነች ትመስላለች። «ይሄ ክንድ የእኔ አይደለም!» ብላ ጮኸች። አሰልጣኝ ተድላ ሶፋው ላይ ወደቁ። ቢንያም መልሶ ከመጀመሪያው አደረገው። እትዬ የሺወርቅ ዓይናቸውን በዳንቴሉ ጠርዝ እያበሱ ሳቁ።

ማሪቱም ትንሽ ሳቀች። ከዚያ ተነስታ በሰዎቹ ጀርባ አለፈች፤ በሩ ሥር ከተደረደሩት ጫማዎች የራሷን ፈልጋ ተጫማች። የግራውን ማሰሪያ አላላችው። ግቢው ውስጥ ነፋሱ ልብሱን ከገመዱ ሊነጥቅ ይታገላል፤ ከአስፋልቱ ማዶ የታክሲ ረዳት «አዲሱ ገበያ፣ አዲሱ ገበያ!» ይላል። ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሯ ደስ እንዳለው እንዲያነክስ ለቀቀችው።

ከሳሎኑ የእትዬ የሺወርቅ ድምፅ ተከተላት። «እሺ ሲጠፋስ? ሲጠፋ ላልብሰው ወይስ ያም ክልክል ነው?»

«ሲጠፋ አልብሺው» ይላል ቢንያም፣ «ላስቲኩን ግን ፍቺ!»

ማሪቱ የግቢውን በር ከውጭ መለሰችው።